ሰሙ የሚያበራበት ሥዕል፦ ነቡታን ከጃፓን ውጭ ማሳየት

ነቡታን፣ በጃፓን በዓል ላይ በጋሪ የሚገፋውን ግዙፍ የወረቀት ፋኖስ፣ በቀን ያየ ሰው ምኑ እንደሚደነቅ አይገባውም። ወረቀቱ ደብዝዟል፤ ቀዩና ሰማያዊው ዓይን ይወጋል፤ ሰም የነካው ቦታ ሁሉ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል። መሸት ሲልና ከሆዱ ውስጥ ያሉት አምፖሎች ሲበሩ ግን ያ ዘይት የመሰለው ቦታ ይነጣል፣ ይነዳል። የተዋጊው ክንድ ያብጣል፤ ጥቁሩ መስመር ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ ወደ ተመልካቹ ይመጣል። የነቡታ ሠዓሊ የሚሠራው ፋኖስ ነው፤ ሥዕሉ የፋኖሱ ቆዳ ነው። ይህን ዘንግቶ ሥራውን ነጭ ግድግዳ ላይ የሰቀለና ከጣሪያ ስፖትላይት የለቀቀበት ዐውደ ርእይ የሚያሳየው ሬሳውን ነው።

ቦታው አኦሞሪ ነው፤ የጃፓን ትልቁ ደሴት የሆንሹ ሰሜናዊ ጫፍ። በዓሉ በየዓመቱ ከነሐሴ 2 እስከ 7 ይውላል (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከ20 በላይ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ፋኖሶች በከተማው አውራ ጎዳና ላይ በሰው ጉልበት ይገፋሉ። ትልቁ የሚፈቀድለት ስፋት 9 ሜትር፣ ጥልቀት 7 ሜትር፣ ከነጋሪው ቁመት 5 ሜትር ነው፤ ክብደቱ ወደ 4 ቶን ይጠጋል። ዙሪያውን «ራሴራ» እያሉ የሚዘሉት ጨፋሪዎች ሃኔቶ ይባላሉ። ከአኦሞሪ ብዙም በማይርቀው ሂሮሳኪ ደግሞ ስሙ ትንሽ ይለወጥና ነፑታ ይሆናል፤ ቅርጹ እንደ ተዘረጋ ማራገቢያ ነው፤ ቀኑም ከነሐሴ 1 እስከ 7። ሁለቱም በ1980 በጃፓን መንግሥት በማይዳሰስ ሕዝባዊ ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሦስተኛው የጎሾጋዋራው ቋሚ ነፑታ 23 ሜትር ይቆማል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው፤ ከተማው ራሱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን መሬት ውስጥ ቀብሮ ነው ያሳለፈው።

ሥሩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንቅልፍን ከማባረር ልማድ ጋር ተያይዞ ነው። በበጋው ሙቀት ገበሬውን የሚጫነውን ድብታና ከሱ ጋር ይመጣል የተባለውን ክፉ ነገር በፋኖስ ላይ ጭኖ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ባሕር መስደድ ነበር። ስሙም «እንቅልፍ» ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል ይባላል። ይህን ለዐውደ ርእይ አዘጋጁ ማስታወስ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፤ ነቡታ ከመጀመሪያው እንዲሄድ የተሠራ ነገር ነው። ይመጣል፣ ያልፋል፣ ይጠፋል። ሙዚየም ደግሞ የተሠራው ነገር እንዳይሄድ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣ ሠዓሊ የሚጋጨው መጀመሪያ ከዚህ ጋር ነው።

ባለ ሦስት አውታሩ ወይስ ጠፍጣፋው

የአኦሞሪ ባለሙያዎች ሥራቸውን ይዘው ወጥተዋል። በ2001 ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ በ2007 ሎስ አንጀለስ የጃፓን ተወላጆች በሚያከብሩት ኒሴይ ዊክ ሰልፍ ላይ ነቡታ ታይቷል። ግን በእንዲህ ያለ ጉዞ ጀርባ ተቋም፣ ገንዘብና የብዙ ሰው እጅ አለ። ብቻውን ወይም ከሁለት ረዳት ጋር ለሚወጣ ሠዓሊ የኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ የሂሮሳኪውን ማራገቢያ ይምረጥ።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የ20 ጫማ ኮንቴነር ውስጡ 5.9 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ስፋት፣ 2.39 ሜትር ቁመት ነው፤ በሩ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 9 ሜትር የሚሰፋ፣ በሽቦ አፅም የተሠራ የአኦሞሪ ተዋጊ እዚያ ውስጥ አይገባም። ገብቶ እንዲወጣ ከተፈለገ ገና ሲነደፍ ራስ፣ ክንድ፣ ሰይፍ፣ ደረት ተብሎ መከፋፈል አለበት፤ መገጣጠሚያውም በልብስ እጥፋት ወይም በትጥቅ ጠርዝ ላይ መዋል አለበት። ፊት ወይም ክንድ መሐል ላይ የተቆረጠ ነቡታ ሲበራ ስፌቱ እንደ ጠባሳ ይታያል። ማራገቢያው ግን ወረቀት ነው፤ ይጠቀለላል። የአፅሙን እንጨት ከደረሱበት አገር ገዝቶ መገጣጠም ይቻላል።

ማራገቢያው ሌላም ጸጋ አለው። ፊትና ጀርባ አለው። የፊቱ «የመስታወት ሥዕል» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከጥንት ቻይና የጦር ታሪኮች የተወሰደ ፍልሚያ ነው፤ ደም፣ ሰይፍ፣ የተገለበጠ ዓይን። የጀርባው «የመሸኛ ሥዕል» ነው፤ ብዙ ጊዜ ብቻዋን የቆመች ቆንጆ ሴት፣ የሐዘን ጥላ ያጠላባት። ጋሪው ወደ ተመልካቹ ሲመጣ ጦርነት ይመጣል፤ አልፎ ሲሄድ ደግሞ የሚታየው የሚሸኝ ፊት ነው። ከጎንና ከሥር ያሉት ትንንሽ ሥዕሎችም የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ከማራገቢያው ሥር ያለው ክፍል ላይ የሚሳለው የፒዮኒ አበባ የአካባቢው የቀድሞ ገዢዎች የጹጋሩ ቤተሰብ ምልክት ነው።

እንግዲህ ይህን ሥራ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግማሹን መቅበር ነው። በክፍሉ መካከል ይቁም፤ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሜትር መተላለፊያ ይተውለት። መግቢያው ከፊቱ፣ መውጫው ከጀርባው በኩል ቢሆን መንገዱ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ጋሪው ቆሞ ተመልካቹ ይሄዳል። መግቢያና መውጫው አንድ በር የሆነባቸው አዳራሾች ብዙ ናቸው፤ እዚያ ከጀርባው በኩል ጥቁር መጋረጃ አድርጎ ሰውን ማዞር ነው። ይህ ዝግጅት አንድ ብር አያስወጣም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እሱ ነው።

ቀለሙ፣ ሰሙ፣ እንደገና ቀለሙ

ቅደም ተከተሉ ሦስት ነው፤ አይገለበጥም። መጀመሪያ በጥቁር ቀለም መስመሩ ይወጣል። ቀጥሎ በጋለ ሰም ነጭ ሆኖ እንዲያበራ የተፈለገው ቦታ ይነካል። በመጨረሻ ውኃማው ማቅለሚያ ይገባል።

ጥቁሩ ሱሚ ነው፤ ከጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ የሚሠራ። ለእኛ ብራና ጸሐፊዎች ባዕድ አይደለም፤ የእነሱም ጥቁር መሠረቱ ጥላሸት ነው። ሱሚው መጥቆር ያለበት በዓይን ሳይሆን በብርሃን ነው። ጠረጴዛ ላይ ድቅድቅ የሚመስል መስመር ከኋላው አምፖል ሲበራበት ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሲሠራ ከወረቀቱ ኋላ መብራት እያደረጉ ማየት፣ ሳስቶ የታየውንም መድገም ያስፈልጋል። መስመሩ ሲወፍር አይፈራም። ከ10 ሜትር ርቀት በጨለማ የሚነበብ መስመር በቅርብ ሲያዩት ብልግና ይመስላል፤ የነቡታ ሠዓሊ በቅርብ ሆኖ ለሩቅ ነው የሚሥለው።

ወረቀቶቹ ሲቀጣጠሉ መደራረቢያው ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ሁለት ድርብ የሆነው ቦታ ሲበራ ጥቁር ሰንበር ይሆናል። ብልሃቱ ስፌቱን ወፍራሙ የሱሚ መስመር በሚያልፍበት መጣል ነው፤ ይህም ወረቀቱ ሳይጣበቅ በፊት ንድፉን ማወቅ ይጠይቃል።

ከዚያ ሰሙ። ፓራፊን እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀልጣል፤ ለመሥራት ግን መቅለጡ ብቻ አይበቃም። ገና ትኩሳት ያልያዘ ሰም ወረቀቱ ላይ እንደ ቅባት ይቀመጣል፤ ይነጣል፤ ወረቀቱ ሲጠቀለል ይፈረፈራል። በደንብ የጋለው ግን ሰርጎ በኋላ በኩል ይወጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ወረቀቱን ገልብጦ ማየት። ጀርባው እርጥብ መስሎ ከታየ ሰሙ ገብቷል፤ ካልታየ አልገባም። የሰሙን ቆርቆሮ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ እንዳያልፍ ያደርጋል፤ ለብዙው ሥራ ይበቃል። የውኃ ጠብታ ሰሙ ውስጥ እንዳይገባ ግን መጠንቀቅ ነው፣ ይፈነጥቃልና። በኤሌክትሪክ ምድጃ በቀጥታ የሚያቀልጡም አሉ፤ ጭስ ከታየ ሙቀቱ አልፏል፣ ወዲያው ይጥፋ። እርቃን ነበልባል አዳራሽ ውስጥ ፈጽሞ አይታሰብም። ለሰም የዋለ ብሩሽ ከዚያ በኋላ ለሌላ አይሆንም፤ ናይለኑ ደግሞ ይኮማተራል፤ የእንስሳ ፀጉር ያለው ይሻላል።

ሰም የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልም። የወደቀ ጠብታ መመለሻ የለውም፤ በካውያ ቢመጠጥም እድፉ ይቀራል። ልምድ ያለው ሠዓሊ ጠብታዋን ወደ ውኃ ፍንጣሪ ወይም ወደ እሳት ብልጭታ ይለውጣታል፤ ከሥዕሉ ውስጥ ያሉት ብልጭታዎች ሁሉ ታስበው የተደረጉ ናቸው ብሎ ማመን የዋህነት ነው። ሰሙ ሁለተኛ ሥራም አለው። በሁለት ቀለሞች መካከል እንደ አጥር ይቆማል፤ ቀዩ ወደ ቢጫው እንዳይፈስ ያግዳል። አጥሩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ካለች ቀዩ ያገኛታል።

በእኛ ቅኔ ሰሙ ይሸፍናል፣ ወርቁ ይደበቃል። እዚህ ግን ብርሃኑን የሚያሳልፈው ሰሙ ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰው በዚህ ፋኖስ ፊት ቢቆም ፈገግ ሳይል የሚቀር አይመስለኝም።

ማቅለሚያው ላይ አልቆይም። ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ነው፤ ይደምቃል፤ ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ቀለም (አክሪሊክ፣ ጎዋሽ) የተቀባ ቦታ ሲበራ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። የውኃማው ቀለም ዕዳው ደግሞ ፀሐይ ነው፤ በመስኮት አጠገብ ለወራት የቆመ ነቡታ መጀመሪያ የሚያጣው ሮዝና ሐምራዊውን ነው።

መብራቱ ላይ የሚበላሸው

ከውጭ የሚመጡ ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በመብራት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ መዘግየት ይገባል።

ጃፓን 100 ቮልት ነው የምትጠቀመው። አሜሪካ 120፣ አውሮፓ 230፣ ኢትዮጵያ 220። የጃፓን አምፖል ለንደን ላይ የተሰካ እንደሆነ ወዲያው ይቃጠላል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ ለወረቀት ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። መፍትሔው በ24 ቮልት የሚሠራ ኤልኢዲ ይዞ ኃይል መቀየሪያውን ከአገሩ መግዛት ነው፤ የአገሩ ማረጋገጫ ያለበትን። የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን መጀመሪያ የሚያየው ያንን ምልክት ነው።

የጭነቱ ሒሳብም አለ። አንድ ትልቅ ነቡታ በድሮው አሠራር 600 አምፖል ቢይዝና እያንዳንዱ 40 ዋት ቢሆን 24 ኪሎ ዋት ነው፤ ጋሪው ጀነሬተር ተሸክሞ የሚሄደው ለዚህ ነው። አውሮፓ ውስጥ አንድ የ16 አምፔር መስመር የሚችለው ወደ 3.7 ኪሎ ዋት ነው። 2 ሜትር ስፋት ያለው ማራገቢያ ግን በኤልኢዲ ከ100 እስከ 200 ዋት ይበቃዋል፤ ከአንድ የቡና ማፍያ ያንሳል።

የብርሃኑ ቀለም ከመጠኑ ይበልጣል። ነቡታ የተወለደው በሻማ ነው፤ ያደገው በክር አምፖል ነው። ቀዩ የሚመረጠው ለሞቀ ብርሃን ነው። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይሞቃል) ያለው ነጭ ኤልኢዲ ከኋላው ከገባ ተዋጊው ጉበቱን የታመመ ይመስላል። ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው፣ የቀለም ገላጭነቱ ከ90 በላይ የሆነ ይመረጥ፤ በሻጩ ሰነድ ላይ «አር 9» የሚለው ቁጥር ከፍ ያለ መሆኑንም ማየት ነው፣ ደማቁን ቀይ የሚለካው እሱ ነውና።

የኤልኢዲ ሰቅ ወረቀቱ ሥር ተጠግቶ ከተለጠፈ ነጠብጣቡ ይታያል፤ ፋኖሱ የመደብር ማስታወቂያ ይመስላል። ከወረቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ማራቅ፣ ወይም በነጭ ጨርቅ መጠቅለል ያስፈልጋል። ተቃራኒው ስህተት ደግሞ መብራቱን አርቆ የእንጨቱን አፅም ወረቀቱ አጠገብ መተው ነው፤ የእንጨቱ ጥላ በሴቲቱ ጉንጭ ላይ እንደ መስቀል ይጋደማል። መብራቶቹ በእንጨቱ ግራና ቀኝ ሲሆኑ ጥላው ይሟሟል። እንጨቱን ነጭ መቀባትም ይረዳል።

አዳራሹ ይጨልም። ሙሉ በሙሉ ግን አይጨልምም፤ የመውጫ ምልክቱና የአደጋ ጊዜ መብራቱ በሕግ መጥፋት የለባቸውም። አረንጓዴው የመውጫ ምልክት ፊቱን ካገኘው ቀዩን ይገድለዋል። ስለዚህ አቀማመጡ ሲወሰን ጀርባውን ለምልክቱ ይስጥ። አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ርካሽ የብርሃን መቀነሻ ለዓይን የማይታይ ብልጭታ አለው፤ በስልክ ሲቀረጽ ጥቁር መስመሮች ሆኖ ይወጣል። የዘመኑ ተመልካች በስልኩ ነው የሚያየው። በቀረበው መቀነሻ ላይ አስቀድሞ ስልክ ደግኖ መሞከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ጉዞው

ወረቀቱ ሲጠቀለል የተሣለው ፊት ወደ ውጭ ይሁን፤ ቱቦው ውስጥ ያለው እምብርት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ሰም የገባበት ወረቀት በጠባቡ ከተጠቀለለ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ሲበራ ነጭ ፀጉር ሆኖ ይታያል። ፈጽሞ አይታጠፍ። በየድርቡ መካከል ለዳቦ መጋገሪያ የሚሆነው ሲሊኮን የተቀባ ወረቀት ይግባ። ምክንያቱም በፀሐይ የቆመ ኮንቴነር ውስጡ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ሰሙ ደግሞ ከየት ጀምሮ እንደሚለሰልስ ከላይ አይተናል። ተጣብቆ የደረሰ ጥቅል ሲፈታ አንዱ ወረቀት የሌላውን ፊት ይዞ ይነሣል። አቅም ካለ ወረቀቱ በአውሮፕላን፣ ሌላው በመርከብ ቢሄድ ይመረጣል።

የእንጨት ሣጥን የራሱ ሕግ አለው። ያልተሠራ እንጨት ድንበር ሲሻገር ውስጡ 56 ዲግሪ ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየቱን የሚመሰክር ማኅተም ሊኖረው ይገባል፤ ነፍሳት እንዳይሻገሩ ነው። ኮምፔንሳቶ ከዚህ ነፃ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ሁሉ ከኮምፔንሳቶ ቢሠራ አንድ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ጉምሩክ ላይ፣ ሥራው ታይቶ የሚመለስ ከሆነና ሁለቱም አገሮች የስምምነቱ አባል ከሆኑ ኤቲኤ ካርኔ የሚባለው ጊዜያዊ ማስገቢያ ሰነድ ቀረጡን ያስቀራል፤ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ያገለግላል። ወጥመዱ ግን እዚህ ነው፦ የሚያልቅ ነገር በካርኔ አይገባም። ኮላ፣ ቀለም፣ ሰም፣ ለአውደ ጥናት የሚታደል ወረቀት ሁሉ መመለስ የማይችል ስለሆነ ለብቻው ይታወጃል። ዝርዝሩ ላይ 200 ወረቀት ጽፎ በመመለሻው 140 ያሳየ ሰው የ60ውን ቀረጥ ይጠየቃል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የእሳት ማረጋገጫ ነው። ሰም የጠጣ ወረቀት፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ፣ ዙሪያው ሕዝብ። የአዳራሹ የእሳት ኃላፊ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጀርመን ቢ1፣ ፈረንሳይ ኤም1 የሚባል ደረጃ ይጠይቃሉ፤ አሜሪካም የራሷ አላት። ሠዓሊው የሚፈተነው የእሳት መከላከያ ፈሳሽ እንዲረጭ ሲጠየቅ ነው። ፈሳሹ ጨው በውኃ ነው። በተጠናቀቀ ሥዕል ላይ ከተረጨ ውኃማው ቀለም ይፈስሳል፤ ሥዕሉ አለቀለት። መደረግ ካለበት ባዶው ወረቀት ላይ፣ ከሱሚው በፊት ነው። ያኔም ወረቀቱ ቀለም የሚጠጣበት መንገድ ይለወጣል፤ በእርጥብ አየር ጨው ወደ ላይ ወጥቶ ሊነጣ ይችላል። ስለዚህ ከዚያው ወረቀት ቁራጭ ላይ አስቀድሞ መሞከር ነው። በጎኑ ደግሞ ለኃላፊው የሚያረጋጋ ነገር ማቅረብ ይቻላል፦ 24 ቮልት ብቻ መሆኑን፣ ኃይል መቀየሪያው ከወረቀቱ ውጭ መቀመጡን፣ ከተመልካቹ 1 ሜትር ርቀት የሚጠብቅ ገመድ መኖሩን። ይህን ደብዳቤ መጻፍ ያለበት ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከመክፈቻው ሁለት ሳምንት በፊት የጻፈ ሰው መልሱን አይወደውም።

ከፍታና መግለጫ

የነቡታ ጋሪ ብቻውን 2 ሜትር ያህል ነው። ሥዕሉ የሚጀምረው ከሰው ራስ በላይ ነው ማለት ነው፤ ሠዓሊውም ከታች ለሚያይ ዓይን ነው የሠራው። ራሱ ይተልቃል፣ ዓይኑ ወደ መሬት ይወረወራል፣ እግሩ ያጥራል። መሬት ላይ ከተቀመጠ ያ ሁሉ ስህተት ሆኖ ይታያል፤ ተዋጊው ድንክ ይሆናል፤ የሚያየውም ጉልበታችንን ነው። ጣሪያው የሚፈቅደውን ያህል ይነሣ፤ 1 ሜትር ከምንም ይሻላል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ትንሽ ሥራ ከፍ አድርጎ ማሳየት ትልቁን መሬት ላይ ከመጎለት ይበልጣል።

መግለጫ ጽሑፉን በተመለከተ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ተዋጊውን ሁሉ «ሳሙራይ» ማለት። በሂሮሳኪ ማራገቢያዎች ላይ የሚፋለሙት ብዙዎቹ ቻይናውያን ጀግኖች ናቸው፤ ጓን ዩ በረጅም ጺሙና በቀይ ፊቱ ይለያል። ሁለተኛው «በዩኔስኮ የተመዘገበ» የሚለው ነው። ዩኔስኮ በ2016 የመዘገባቸው 33 የጃፓን የጋሪ በዓላት አሉ፤ ከዚያው ከአኦሞሪ ግዛት የሃቺኖሄው በዓል አለበት፣ ነቡታ ግን የለበትም። መስቀል በ2013፣ ጥምቀት በ2019 እንደተመዘገቡ በየመድረኩ ለምንናገር ለእኛ የዚህ ዓይነቷ ስህተት ምን ያህል እንደምታናድድ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላም አስቂኝ ነገር አለ። በአኦሞሪ ጋሪ ግርጌ በትልልቅ የጃፓን ፊደላት የተጻፈው ጽሑፍ ለባዕድ ተመልካች ጸሎት ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ወጪውን የሸፈነው ድርጅት ስም ነው። ይህን ከመደበቅ መጻፍ ይሻላል፤ በዓሉ በማን ገንዘብ እንደሚቆም ማወቅ የበዓሉ አንድ አካል ነው።

የሥዕሉን ርዕስ ለውጭ ተመልካች ብሎ መቀየር፣ ፉጂ ተራራንና የቼሪ አበባን ማስገባት፣ እኔ አልደግፈውም። ፉጂ ከአኦሞሪ ሩቅ ነው። የአገሬው ሰው የማያውቀውን ነፑታ ለእንግዳ ማሳየት ሁለቱንም መናቅ ነው።

እጅ ያላቸው እንግዶች

ከዐውደ ርእዩ ጎን አውደ ጥናት ማድረግ የተለመደ ነው፤ የሚመረጠውም ወርቃማው ዓሣ ነው። በሂሮሳኪ ልጆች ይዘውት የሚሄዱት የዓሣ ፋኖስ ነው፤ ክብ ሆድ፣ ቀይ ጀርባ፣ ሦስት ወይም አራት የጅራት ክንፍ። ለ15 ሰው ሁለት ረዳት፣ 90 ደቂቃ ይበቃል፣ አፅሙ ተሠርቶ ከጠበቀ ብቻ። የቀርከሃውን አፅም ተሳታፊው ራሱ ይሥራ ከተባለ ጊዜው የሚያልቀው እዚያው ነው፤ ቀርከሃው ይሰነጠቃል፣ ጣት ይቆርጣል፣ ዓሣው ሳይወለድ ሰው ይሄዳል።

ወረቀቱ በኮላ ይለጠፋል፤ ኮላው በሽቦው ወይም በቀርከሃው ላይ ብቻ ይሁን። ወረቀቱ ላይ የተቀባ ኮላ እንደ ሰም ቀለም ያግዳል፣ እንደ ሰም ግን አያበራም። ቀጥሎ የውኃ ጭጋግ ቢረጭበት ወረቀቱ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ኮላው ሳይደርቅ ከተረጨ ግን ሁሉም ይላቀቃል፤ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ያን ጊዜ ለታሪኩ ማዋል ይቻላል። ሰሙን ረዳቱ ይቀባ፣ ልጆች አይንኩት። ነጭ የሰም እርሳስ መስጠትም ይቻላል፤ ቀለሙን ያግዳል፣ የጋለው ሰም እንደሚያበራው ግን አያበራም። ልዩነቱን ለማሳየት ሁለቱን ጎን ለጎን ማብራት ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል።

በመጨረሻ ክፍሉ ይጨልምና 15ቱ ዓሦች አንድ ላይ ይበራሉ። ዐውደ ርእዩ ውስጥ «ራሴራ» ብሎ መጮህ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ከድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ ከበሮና ዋሽንት ግን የአዳራሹን ጠባቂዎች ያሳብዳል፤ በሰዓት አንድ ጊዜ፣ ለ5 ደቂቃ፣ ከፍ ተደርጎ ይበቃል።

ሲያበቃ

ነሐሴ 7 ምሽት አኦሞሪ ላይ የተሸለሙት ነቡታዎች በጀልባ ላይ ሆነው ባሕሩን ይዞራሉ፤ ርችት ይተኮሳል። ከዚያ ጥቂቶች ብቻ ተመርጠው በ2011 በተከፈተው ዋ ራሴ በሚባለው የነቡታ ሙዚየም ይቀመጣሉ፤ ሌሎቹ ይፈርሳሉ። ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ሽቦው ይቆራረጣል። አመድ ሆኖ የሚቀር ደመራ እያየ ላደገ ሰው ይህ አይከብደውም። ለውጭ ሙዚየም ግን ይከብደዋል፤ የገባን ነገር በቁጥር መዝግቦ መጠበቅ ልማዱ ነው።

ስለዚህ ውሉ ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ፦ ሥራው ይመለሳል፣ ይቀራል ወይስ ይፈርሳል፤ ይቀራል ከተባለ በውስጥ መብራት በዓመት ስንት ሰዓት ይበራል፤ ይፈርሳል ከተባለ ማን ያፈርሰዋል፣ ማንስ ያያል። የሚፈርስ ከሆነ ከጅራቱ ወይም ከልብሱ ጫፍ ይጀመራል። ቢላዋው በእንጨቱ ጠርዝ እየሄደ ወረቀቱን በሙሉ ያወጣዋል፤ መሐሉ ከተበሳ ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚተርፈው። በአኦሞሪ ያገለገለ የነቡታ ወረቀት ትንንሽ የጠረጴዛ መብራት ሆኖ ይሸጣል። ዐውደ ርእዩ የተካሄደበት ከተማ ሰዎችም አንድ አንድ ቁራጭ ቢወስዱ ሰም ያለበት ይሁንላቸው፤ ቤታቸው ገብተው አምፖል ፊት ይይዙታል። ፊቱ መጨረሻ ይወጣል፤ መብራቱም እስከዚያ አይጠፋም።